የቤት ባለቤትነት ሰነድ ስርቆትና የሕግ ጥበቃው በአራዳና በፒያሳ ነባር ይዞታዎች

የቤት ባለቤትነት ሰነድ ስርቆት ማለት ሐሰተኛ ውክልናን፣ ሐሰተኛ ካርታን፣ የተጭበረበረ የወራሽነት ማስረጃን ወይም ከሕግ ውጭ የተሰጠ የአስተዳደር ውሳኔን በመጠቀም የሌላ ሰው ቤትና ይዞታ ባለቤቱ ሳያውቅና ሳይፈቅድ በስም እንዲዛወር ማድረግ ነው፡፡ ድርጊቱ በር ሰብሮ እንደሚገባ ሌባ አይታይም፡፡ ባለቤቱ በቤቱ ውስጥ እየኖረ፣ ግብሩን እየከፈለ፣ ጎረቤቱም እያወቀው፣ በመዝገብ ላይ ግን ቤቱ የሌላ ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል፡፡

ጉዳዩ በመላ አገሪቱ የሚያጋጥም ቢሆንም እንደ አራዳ ክፍለ ከተማና እንደ ፒያሳ ባሉ የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች የተለየ ክብደት አለው፡፡ በእነዚህ ሰፈሮች የቦታው ዋጋ ከፍተኛ፣ ሰነዶቹ አሮጌ፣ ባለይዞታዎቹም በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ወይም ወራሾቻቸው በውጭ አገር የሚኖሩ ናቸው፡፡ ይህ ጽሑፍ በሥራ ላይ ያሉ ሕጎች ለቤት ባለቤቶች የሚሰጡትን ጥበቃ፣ የመንግሥት ሠራተኞችን ኃላፊነትና ሰነድ የተሰረቀበት ሰው ሊከተለው የሚገባውን ሥርዓት ያብራራል፡፡

የአራዳ ይዞታዎች ታሪካዊ አመጣጥ

አራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል በነበረው ገበያ ዙሪያ የተቆረቆረ የከተማው ጥንታዊ የንግድ ማዕከል ነው፡፡ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ገደማ የከተማ ቦታ በግል ይዞታነት በሰነድ እንዲረጋገጥ መደረግ ሲጀምር፣ በዚህ አካባቢ መኳንንቱ፣ የአርመን፣ የግሪክና የህንድ ነጋዴዎች እንዲሁም የእጅ ባለሙያዎች ቦታ ይዘው ቤት ሠርተዋል፡፡ በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ወደ መርካቶ ሲዛወር አካባቢው ፒያሳ የሚለውን ስያሜ አግኝቷል፡፡

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ለማድረግ የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የእነዚህን ቤቶች ሕጋዊ ሁኔታ ከሥሩ ለወጠው፡፡ የከተማ መሬት በሙሉ የመንግሥት ሲሆን ትርፍ ቤቶች ተወርሰው ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሚደርሱት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር እንዲተዳደሩ ተደረገ፡፡ በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 110/1987 በበኩሉ ከአዋጁ ውጭ የተወሰዱ ንብረቶች ጉዳይ እንዲመረመር መንገድ ከፍቷል፡፡

በዚህ ሂደት የተነሳ በፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ቤት በርካታ ሰነዶች ሊኖሩት ይችላል፡፡ የቀድሞው ባለቤት ቤተሰብ ያስቀመጠው አሮጌ ደብተር፣ የቀበሌው የኪራይ ውል፣ የማዘጋጃ ቤት ማኅደር፣ በኋላ የተሰጠ ካርታና ፕላን እንዲሁም የፍርድ ቤት ውሳኔ ተደራርበው ይገኛሉ፡፡ ሐሰተኛ ሰነድ የሚያዘጋጁ ወገኖች የሚገቡበትም ቀዳዳ በእነዚህ ሰነዶች መካከል ያለው ክፍተት ነው፡፡

በጥር 2013 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ይፋ ያደረገው ጥናት ከ13 ሚሊዮን ካሬ ሜትር በላይ መሬት በሕገ ወጥ መንገድ መያዙንና ከሕግ ውጭ የተያዙ የቀበሌና የጋራ መኖሪያ ቤቶች መገኘታቸውን አመልክቷል፡፡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳና በአካባቢው የተካሄደው የኮሪደር ልማትና የመልሶ ማልማት ሥራ ደግሞ የሰነድን አስፈላጊነት ይበልጥ አጉልቶታል፡፡ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ይዞታ ሲለቀቅ ካሣና ምትክ የሚሰጠው መብቱን በሰነድ ላረጋገጠ ሰው በመሆኑ፣ ቤቱ ፈርሶ ከተነሳ በኋላ ለባለቤቱ የሚቀረው ዋነኛ መብቱ በወረቀት ላይ ያለው ነው፡፡

ስርቆቱ የሚፈጸምባቸው መንገዶች

ጉዳዩን ግልጽ ለማድረግ አንድ አብነት እንውሰድ፡፡ በራስ መኰንን ድልድይ አቅራቢያ የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ በቤቱ ብቻቸውን ቀርተዋል፡፡ ካርታው አሁንም በሟቹ ስም ነው፡፡ ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው፡፡ ግብር እንዲከፍልላቸው፣ በየመሥሪያ ቤቱም እንዲመላለስላቸው ለአንድ ዘመድ ጠቅላላ ውክልና ሰጥተዋል፡፡ ከጊዜ በኋላ አንድ የማያውቁት ሰው መጥቶ ቤቱን ገዝቻለሁ፣ ካርታውም በስሜ ተዛውሯል፣ ይልቀቁልኝ ይላቸዋል፡፡

በዚህ አብነት ውስጥ ስርቆቱ በአራት መንገዶች ሊፈጸም ይችል ነበር፡፡ የመጀመሪያው ጠቅላላ ውክልናን የመሸጥ ሥልጣን እንዳለው አስመስሎ ማቅረብ ወይም ሐሰተኛ ልዩ ውክልና ማዘጋጀት ነው፡፡ ሁለተኛው አንድ ሰው ብቸኛ ወራሽ ነኝ ብሎ በሐሰት ምስክር የወራሽነት ማስረጃ ማውጣቱ ነው፡፡ ሦስተኛው በባለቤቱ መታወቂያ ሌላ ሰው በማቅረብ የሽያጭ ውል መፈረም ነው፡፡ አራተኛውና እጅግ አደገኛው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በተባባሪነት ገብቶ በማኅደሩ ውስጥ ያለውን ሰነድ መለወጡ ወይም በአንድ ይዞታ ላይ ሁለተኛ ካርታ እንዲወጣ ማድረጉ ነው፡፡

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ባለቤትነት ማስረጃ የሚደነግገው

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ሲደነግግ፣ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት እንዳለው አረጋግጧል፡፡ የዚህ መብት ዝርዝር አፈጻጸም በዋናነት በ1952 ዓ.ም. በታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ይገኛል፡፡

በሕጉ አንቀጽ 1195 መሠረት የአስተዳደር ክፍል የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለሀብትነትን የሚያረጋግጥ ማስረጃ የሰጠው ሰው የንብረቱ ባለሀብት እንደሆነ ይገመታል፡፡ እዚህ ላይ ሊተኮርበት የሚገባው ‹‹ይገመታል›› የሚለው ቃል ነው፡፡ ካርታ ጠንካራ ማስረጃ ቢሆንም የመጨረሻና የማይነካ ማስረጃ አይደለም፡፡ አንቀጽ 1196 ይህ ግምት የሚፈርስባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፡፡ ማስረጃው ከሕግ ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል የተሰጠ መሆኑ፣ ዋጋ በሌለው ተግባር ላይ ተመሥርቶ የተሰጠ መሆኑ ወይም ተከራካሪው ንብረቱን ያገኘው ማስረጃው ከተሰጠ በኋላ መሆኑ ከተረጋገጠ ግምቱ ይፈርሳል፡፡ በመሆኑም በሐሰተኛ ውክልና ላይ ተመሥርቶ የተዛወረ ካርታ ማኅተምና ፊርማው እውነተኛ ቢሆንም እንኳ በፍርድ ሊሰረዝ ይችላል፡፡

አንቀጽ 1197 እና 1198 በቀጥታ የሚመለከቱት የአስተዳደር አካላትን ነው፡፡ ንብረቱ ተላልፎ አዲስ ማስረጃ በሚሰጥበት ጊዜ የቀድሞው ማስረጃ ተመላሽ ሊሆን ወይም ሊሰረዝ ይገባል፡፡ ይህ ባለመደረጉ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት አስተዳደሩ ተጠያቂ ይሆናል፡፡

ከዚህ ጋር ተያይዞ ገዢው በቅን ልቦና ገዝቻለሁ ቢል ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ ይነሳል፡፡ በቅን ልቦና የገዛን ሰው ባለሀብት የሚያደርገው አንቀጽ 1161 የተደነገገው ግዙፍነት ላላቸው ተንቀሳቃሽ ነገሮች ነው፡፡ ቤት በዚህ ውስጥ አይካተትም፡፡ ቤቱ ለእውነተኛው ባለቤት እንዲመለስ የተፈረደበት ገዢ የከፈለውን ገንዘብ የሚጠይቀው ከሸጠለት ሰው ነው፡፡ ሻጩ ከተሰወረ ግን ገዢውም የወንጀሉ ተጎጂ ሆኖ ይቀራል፡፡ ስለሆነም የሰነድ ጥንቃቄ ለባለቤቱም ለገዢውም እኩል አስፈላጊ ነው፡፡

ውልን በሚመለከተው አካል ፊት የማድረግ ግዴታ

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከቱ ውሎች በጽሑፍና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለባቸው፡፡ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በሰበር መዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው አስገዳጅ ትርጉም ይህን ፎርም ያላሟላ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት የሚጸና እንዳልሆነ ወስኗል፡፡ ቆየት ብለው የተሰጡ ውሳኔዎች ተዋዋዮቹ የውሉን መኖር ካልካዱ ሊታይ የሚችልበትን ሁኔታ ቢያመለክቱም፣ ለስም ዝውውር የሚቀርብ ውል ግን በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት የተመዘገበ ሊሆን ይገባል፡፡

በሕዝቡ ዘንድ ‹‹ውልና ማስረጃ›› በሚል ስም የሚታወቀው ይህ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 334/1995፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 922/2008 ሥራውን ሲያከናውን ቆይቷል፡፡ ሰነድ አረጋጋጩ የፈራሚውን ማንነትና ችሎታ፣ በንብረቱ ላይ ያለውን መብት እንዲሁም ንብረቱ በመያዣ ወይም በፍርድ ቤት እግድ ያልተያዘ መሆኑን የማጣራት ግዴታ አለበት፡፡ ፊርማ ተመልክቶ ማኅተም ማሳረፍ ብቻውን ሥራውን አያሟላም፡፡ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው በጣት አሻራና በመሳሰሉት አካላዊ መለያዎች ላይ የተመሠረተው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓትም በሰው ስም የሚፈርሙ አስመሳዮችን ለመለየት ከፍተኛ እገዛ አለው፡፡

ውክልና እና ወሰኑ

በአብነቱ ላይ የተጠቀሱት አረጋዊት የሰጡት ጠቅላላ ውክልና ነው፡፡ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ለተወካዩ የአስተዳደር ሥራ ብቻ የመፈጸም ሥልጣን ይሰጠዋል፡፡ ኪራይ መቀበል፣ ግብር መክፈልና ቤት ማሳደስ ከእነዚህ ሥራዎች የሚመደቡ ናቸው፡፡ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ግን በአንቀጽ 2205 መሠረት ይህንኑ በግልጽ የሚፈቅድ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፡፡ ውክልናው ለሽያጩ ውል የተደነገገውን ፎርም መከተል እንዳለበትም በአንቀጽ 2200 ተመልክቷል፡፡

በተጨማሪም ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርህ ደረጃ ቀሪ ይሆናል፡፡ ስለዚህ ወካዩ በሕይወት መኖሩን ሳያጣሩ ከብዙ ዓመታት በፊት በተሰጠ ውክልና ዝውውር መፈጸም ከባድ ስህተት ላይ ይጥላል፡፡ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚልኩት ውክልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት መመዝገብ ይኖርበታል፡፡ ወካዩ ውክልናውን መሻር ከፈለገም ስረዛውን በዚሁ መሥሪያ ቤት ማስመዝገብና ሰነዱን ከተወካዩ መቀበል ይጠበቅበታል፡፡ ለተወካዩ በስልክ ‹‹ከዛሬ ጀምሮ ተሽረሃል›› ማለት ሦስተኛ ወገኖችን አያስጠነቅቅም፡፡

የባልና ሚስት እና የወራሾች መብት

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ፣ ለመለወጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት አስፈላጊ መሆኑን ይደነግጋል፡፡ ስምምነቱን ያልሰጠው ተጋቢ ግዴታው መኖሩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስለት መጠየቅ እንደሚችል አንቀጽ 69 ያመለክታል፡፡ የጊዜ ገደቡ አጭር በመሆኑ ቸልታ መብትን ያሳጣል፡፡

ውርስን በተመለከተ በአራዳ ነባር ሰፈሮች ጎልቶ የሚታየው ችግር ካርታው በሟች ስም ለብዙ ዓመታት መቆየቱ ነው፡፡ ወራሾች ወራሽነታቸውን በፍርድ ቤት አረጋግጠው ስሙን ካላዛወሩ ሌላ ሰው ቀድሞ የወራሽነት ማስረጃ ሊያወጣ ይችላል፡፡ እውነተኛው ወራሽ መብቱን የሚጠይቀው በአንቀጽ 1000 መሠረት መብቱንና የውርሱ ንብረት በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ነው፡፡ በሌላ በኩል አንቀጽ 1168 የማይንቀሳቀስ ንብረትን ይዞ ለ15 ተከታታይ ዓመታት ግብሩን የከፈለ ሰው ባለሀብት ሊሆን የሚችልበትን ሥርዓት ይደነግጋል፡፡ በዚህ ምክንያት የቤት ግብርና የቦታ ኪራይ ደረሰኝ በባለቤቱ ስም እየተከፈለ መቀመጡ ራሱን የቻለ ጥበቃ ነው፡፡

የይዞታ ምዝገባ ሥርዓት

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1553 ጀምሮ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ዝርዝር ድንጋጌዎችን ይዞ ነበር፡፡ ነገር ግን አንቀጽ 3363 ክፍሉ ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ እስኪታወጅ ድረስ ተፈጻሚነቱን አግዶታል፡፡ አንድ ወጥ መዝገብ ሳይኖር አሥርተ ዓመታት ማለፋቸው ማኅደር፣ ደብተርና ካርታ በየመሥሪያ ቤቱ ተበታትነው እንዲቆዩ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው፡፡

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ለዘመናዊው የካዳስተር ሥርዓት መሠረት ጥሏል፡፡ በአዋጁ የተዋወቀው ሥርዓት እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ወሰኑ ተለክቶ የራሱ መለያ ኮድ እንዲኖረው፣ በይዞታው ላይ ያሉት መብት፣ ክልከላና ኃላፊነት በአንድ መዝገብ እንዲሰፍሩ የሚያደርግ ነው፡፡ በማረጋገጥ ሂደቱ ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ቅሬታ ያለው ሰው እንዲያቀርብ ዕድል ይሰጣል፡፡ አንድ ይዞታ አንድ ኮድ ሲኖረው በላዩ ሁለተኛ ካርታ ለማውጣት አስቸጋሪ ይሆናል፡፡

ይሁን እንጂ መረጃን ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፡፡ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለ25 ሺህ 491 የጋራ መኖሪያ ቤቶች የወጣው ዕጣ በሥርዓቱ ውስጥ በተፈጸመ የመረጃ ማጭበርበር ምክንያት መሰረዙ ይታወሳል፡፡ መዝገቡ ወረቀትም ሆነ ኮምፒዩተር፣ ማን ገብቶ ምን እንደለወጠ የሚያሳይ ቁጥጥር ከሌለው ለስርቆት የተጋለጠ ነው፡፡

የወንጀል ተጠያቂነት

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በርካታ አግባብነት ያላቸው ድንጋጌዎችን ይዟል፡፡ ሰነድን ወደ ሐሰት መለወጥና አስመስሎ ማዘጋጀት በአንቀጽ 375፣ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል በአንቀጽ 378፣ አታላይነት ደግሞ በአንቀጽ 692 ያስቀጣሉ፡፡ አታላይነት በቀላል እስራት ወይም እንደ ነገሩ ሁኔታ ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራትና በመቀጮ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፡፡ ድርጊቱ በመንግሥት ሠራተኛ ወይም ከእርሱ ጋር በመተባበር ሲፈጸም የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ተፈጻሚ ይሆናል፡፡ በሥልጣን አላግባብ መገልገል፣ ጉቦ መቀበልና የመንግሥት ሰነድን ወደ ሐሰት መለወጥ በዚህ አዋጅ ከበድ ያለ ቅጣት ያስከትላሉ፡፡

ሰነድ የተሰረቀበት ባለቤት ሊወስዳቸው የሚገቡ እርምጃዎች

በአብነቱ ወደ ተጠቀሱት አረጋዊት ስንመለስ፣ የመጀመሪያ ሥራቸው ጊዜ ሳያጠፉ ንብረቱ ወደ ሦስተኛና አራተኛ ሰው እንዳይተላለፍ ማድረግ ነው፡፡ ይህም የፍትሐ ብሔር ክስ በማቅረብ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 መሠረት ጊዜያዊ እግድ መጠየቅ ሲሆን፣ የእግዱ ትእዛዝ ለይዞታ አስተዳደሩም ለሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤቱም መድረሱን መከታተል ያስፈልጋል፡፡ ጎን ለጎን ለፖሊስ አቤቱታ አቅርበው ሰነዱ በፎረንሲክ እንዲመረመር ማድረግ ይችላሉ፡፡

ቤቱ በፍርድ የተወሰደው እርሳቸው ባልተጠሩበት ክርክር ከሆነ ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት በአንቀጽ 358 መሠረት መቃወሚያ የማቅረብ መብት አላቸው፡፡ በተከራከሩበት ጉዳይ የተሰጠው ፍርድ በሐሰተኛ ሰነድ ወይም በሐሰተኛ ምስክር ላይ የተመሠረተ መሆኑ በኋላ ከታወቀ ደግሞ በአንቀጽ 6 መሠረት ይህንኑ ባወቁ በ1 ወር ውስጥ ፍርዱ እንደገና እንዲታይ ማመልከት ይቻላል፡፡ ግምቱን የሚያፈርሰው ማስረጃ በእጃቸው ያለው አሮጌ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ የጋብቻና የሞት የምስክር ወረቀት እንዲሁም የጎረቤቶች ቃል ነው፡፡ ስለዚህ እነዚህን ሰነዶች ቅጂ አድርጎ በተለያየ ቦታ ማስቀመጥ ይመከራል፡፡

የሌሎች አገሮች ልምድ

የሰነድ ስርቆት የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አይደለም፡፡ በአሜሪካ የኒው ዮርክ ግዛት ዋጋቸው በናረ ነባር ሰፈሮች የሚኖሩ አረጋውያን የቤታቸውን ሰነድ በማጭበርበር ሲያጡ በመቆየታቸው፣ ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሕግ የቤት ሰነድ ስርቆትን ራሱን በቻለ ስያሜ በወንጀልነት ደንግጓል፡፡ በእንግሊዝ የመሬት መዝገብ መሥሪያ ቤቱ በተመዘገበ ንብረት ላይ የለውጥ ማመልከቻ ሲቀርብ ለተመዘገበው ሰው በኢሜይል የሚያሳውቅ ነጻ አገልግሎት ይሰጣል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1858 በደቡብ አውስትራሊያ የተጀመረው የቶረንስ ሥርዓት ደግሞ መንግሥት ለመዝገቡ ትክክለኛነት ዋስትና የሚሰጥበት ነው፡፡ ከእነዚህ ልምዶች ለአገራችን በቀላሉ የሚስማማው ማኅደር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ባለይዞታውን በስልክ አጭር መልእክት የማሳወቅ አሠራር ነው፡፡

የመንግሥት ሠራተኛው ኃላፊነት

የሰነድ ስርቆት ያለ ማኅተም አይሳካም፡፡ ማኅተሙን የሚያሳርፈው ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፡፡ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2126 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ በሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ሲሆን፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት በሆነ ጊዜ ተጎጂው ከመንግሥት ካሣ ሊጠይቅ ይችላል፡፡

በመሆኑም የስም ዝውውር ጥያቄ የቀረበለት ሠራተኛ ውክልናውን ካወጣው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ፣ የወራሽነት ማስረጃውን ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ጋር ማመሳከር፣ በይዞታው ላይ እግድ ወይም የመያዣ ምዝገባ መኖሩን ማየት፣ ነባሩን ካርታ ተቀብሎ መሰረዝና የማኅደሩን ገጾች ቆጥሮ ማስረከብ ይጠበቅበታል፡፡ ነባሩ ካርታ ጠፍቷል በሚባልበት ጊዜ ጥንቃቄው እጥፍ ሊሆን ይገባል፡፡ ባለይዞታው አረጋዊ ወይም በውጭ አገር የሚኖር ከሆነ ራሱን ማነጋገር ጥቂት ቀናት ሊወስድ ቢችልም፣ በጥድፊያ የተዛወረን ቤት በፍርድ ለማስመለስ ግን ዓመታት ይፈጃል፡፡

በአራዳና በፒያሳ የቆዩት ሰፈሮች ገጽታ በፍጥነት እየተለወጠ ባለበት በዚህ ወቅት ከመሬት ላይ የተነሳን ቤት ታሪክ ማስረዳት የሚችለው ማኅደሩ ብቻ ነው፡፡ ማኅደሩን የሚጠብቅ ሠራተኛም ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ጣሪያ ሥር የኖሩ ዜጎችን መብት የሚጠብቅ መሆኑን ሊገነዘብ ይገባል፡፡